ማያዎቹና የተስፋዬ ፈተና

ዓለም ልትጠፋ ነው ሲባል ደስ የሚለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ተስፋዬ ይባላል፤ ፍራንክፈርት መሀል ከተማ አብረን ሱቅ እናጸዳ ነበር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት «የጥንቶቹ የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች፣ የማያዎች፣ ቀን መቁጠሪያ ዲሴምበር ላይ ያበቃል» የሚል ወሬ ተነዛ።

«የቋንቋ ፈተናው ጃንዋሪ ነው፤ ታዲያ ጀርመንኛ ለምን አጠናለሁ?» አለኝ ኮስተር ብሎ። ፈተና የሚፈራ ሰው ትንቢት እንዴት እንደሚወድ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሚስቱ ሙሉ ግን በዋዛ የምትለቅ አይደለችም። ከቤተ መጻሕፍት ስለ ማያዎች የተጻፈ ወፍራም የጀርመንኛ መጽሐፍ ተዋሰች፤ ባቡር ላይ መዝገበ ቃላት ይዛ ወር ሙሉ አነበበችው። አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ እኔም ባለሁበት፣ መጽሐፉን ገለጠች።

«ማያዎቹ ዓለም ታልቃለች አላሉም» አለችው። «ጳጉሜን ሲያልቅ መስከረም እንደሚጠባው፣ የእነሱም ዘመን ሲሞላ ሌላው ይጀምራል። ደግሞ ቀኑን የቀረጹት ድንጋይ ላይ ነው። አንባቢ ይመጣል ብሎ ያላመነ ሰው ድንጋይ ይፈለፍላል?»

ተስፋዬ መጽሐፉን ከደነ። «እሺ፣ የፈተና ቴርሚን ያዢልኝ።»

«ለሁለታችንም ቀጠሮ ይዣለሁ።»

ጃንዋሪ ደረሰ፤ ዓለምም እንዳለች ነበረች። ሙሉ አለፈች፣ ተስፋዬ ወደቀ።

«በቃ፣ ይቅርብኝ» አላት።

«ማያዎች በቆሏቸው አንድ ዓመት እምቢ ቢላቸው፣ በሚቀጥለው ደግመው ይዘሩ ነበር» አለችና ደብተሩን አስጨበጠችው።

በሦስተኛው ሙከራ አለፈ።