የሙሐሲን ከፍ ዝቅ መኪና

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ዕቃ ሲያይ እንደ ስድብ የሚቆጥር። «ይህንንማ ቤቴ ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ!» ይላል። ይሠራዋልም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የእኛ ሰፈር ድርሻ ክቡር መሐንዲስ ሙሐሲን ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው የመካነ ሰላም ሕዝብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አልተማከረም። ጅዳ መኪና ሲያጥቡ ኖረው የተመለሱ፣ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናቸው። በዕድሜ ልጄ ስለሚሆን ግን ከአክብሮቱ ቶሎ ልውረድና አንተ ልበለው።

የግቢውን የብረት በር ራሱ ሠርቶታል። ለመክፈት በጉልበት ገፍቶ፣ በትከሻ ቀና አድርጎ፣ «ቢስሚላህ» ማለት ያስፈልጋል። እስከ ዛሬ ሌባ አልገባበትም፤ እንግዳም እንደዚያው። አንድ ጊዜ የውሃ ማሞቂያ ሠርቶ ግድግዳው ሞቀ፤ ውሃው እንደ ቀዘቀዘ ቀረ። በዚህ ሁሉ መካከል ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል አለችው፤ «አብሽር!» ሌላው የወሎ ሰው አብሽር ሲለኝ ልቤ ያርፋል። ሙሐሲን ሲለኝ ግን ልጆቼን ከአጥሩ አርቃለሁ።

እናቱ እቴቴ ይባላሉ። ባለፈው ክረምት አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተጎዳ። በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ እግራቸውን ግን ከስንዝር በላይ ማንሳት አይችሉም። ሐኪም ቤት የሄዱ ዕለት የሰፈር ጎረምሶች ብብትና እግራቸውን ይዘው ሚኒባስ ላይ ጫኗቸው። ሻሻቸው ወደቀ፤ ሰው ሁሉ አየ። ቤት ሲመለሱ፣ «ወላሂ፣ ከእንግዲህ እኔን የሚሸከመኝ ቃሬዛ ብቻ ነው!» ብለው ማሉ። እቴቴ ደግሞ መሐላ የሚያጥፉ ሴት አይደሉም።

ከዚያ ወዲያ ከግቢ አልወጡም። ደጎሎ አጠገብ ገጠር የሚኖሩ ታላቅ እህት አሏቸው፤ እሳቸውም ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ መንገድ አይደፍሩም። ሁለቱ እህትማማቾች ዓረፋን ለየብቻ ውለው አያውቁም ነበር። አሁን የሚገናኙት በስልክ ሆነ። እቴቴ ጆሯቸው ስለከበደ ስልኩን የሚያሰሙት ለሰፈሩ በሙሉ ነው። ታላቅየዋ፣ «እህቴ፣ ዓይኔ ጨርሶ ሳይከዳኝ ፊትሽን ልየው» ሲሉ እኔ በአጥሩ በኩል ሰማሁ። ሙሐሲንም ሰማ።

በነጋታው፣ «አብሽሪ እማ፤ ለዓረፋ ትሄጃለሽ። ማንም አይሸከምሽም። መኪናዋን እኔ ወዳንቺ አወርዳታለሁ» አላቸው።

ያቺ አሮጌ የቤት መኪናው ናት። ጎማና አካሏን አራርቆ የሚይዘውን ጥምዝምዝ ብረት፣ ሞላውን፣ በሰጌቶ ቆረጠው። መኪናዋ መሬት ልትስም ምንም አልቀራት። የከተማው ጎረምሳ «የዓረብ አገር ፋሽን ነው!» እያለ ፎቶ ሊነሳባት ተሰለፈ። እቴቴ ግን ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጡና፣ ዞር ብለው፣ መደባቸው ላይ እንደሚቀመጡ ቁጭ አሉ። ባለቤቴ ዝናሽ እልልታዋን አቀለጠችው።

እልልታው ሳያልቅ፣ ከበሩ ወጥተን ቦዩን ስንሻገር የመኪናዋ ሆድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወርደን ገፋን። ትንሽ ሄደች፤ ደግማ ተቀመጠች። በሙሐሲን መኪና መሄድ ማለት በእግር እየሄዱ መኪና መግፋት ሆነ። እቴቴ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ኧረ እኔም ልውረድና ላግዛችሁ?» ይላሉ። ከእነ መኪናዋ ገፍተን ወደ ቤት መለስናቸው። ያን ዕለት ማታ ስልክ አልደወሉም።

ለእናት ዝቅ፣ ለኮረኮንች ከፍ የምትል መኪና ያስፈልግ ነበር። ደሴ ያለ አንድ ባለ ጋራዥ፣ «እንዲህ ያለው ዕቃ ከውጭ አገር ካልሆነ አይገኝም» አለው። ለሙሐሲን ከዚህ የባሰ ስድብ ከየት ይመጣል?

ወፍራም የውሃ ቱቦ ቆራረጠና፣ ከቧንቧ ሠራተኛ በተዋሰው መሣሪያ ከላይ እስከ ታች ጥርስ አወጣለት። ቱቦው ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም፤ የእኔ ዳስ አንድ ምሰሶ እንደጎደለው ግን ዝናሽ ነግራኛለች። በየቱቦው ላይ እንደ ሃይላንድ ክዳን እየዞረ የሚወጣና የሚወርድ ወፍራም ቀለበት አስገባ። ሞላው የሚያርፈው ቀለበቱ ላይ ነው። ቀለበቱን ወደ ላይ ሲያዞሩት መኪናዋ ትነሳለች፤ ወደ ታች ሲያዞሩት ትተኛለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ እኔ የገባኝ ለማንም ይገባል።

ሲበይድ የሰፈሩ መብራት ይደክማል። ዝናሽም «መሐንዲሱ ሥራ ገቡ» ብላ ኩራዝ ትፈልጋለች። መሞከሪያው ቀን ደረሰና በአጥሩ ላይ ጠራኝ።

«ጋሽ ብዙነህ፣ ክብደትዎ ከእማ ጋር ይቀራረባል። እስቲ ለአንድ አፍታ እማን ይሁኑልኝ!»

ሆንኩለት። አንዱ ጥግ ተነሳ፤ ሦስቱ እምቢ አሉ። መኪናዋ እግሯን እንዳነሳች ውሻ ዘማ ቆመች፤ እኔም በሩ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ።

«ኧረ ሙሐሲን፣ በፈጠረህ አውጣኝ!»

«አብሽሩ ጋሼ! የብየዳ ፍንጣሪ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ነው!»

በሞረድ አጸዳው፤ አራቱም መዞር ጀመሩ። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የኋላ ወንበሩ ላይ የስንዴ ጆንያ ጭኖ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የከፋ የከፋውን መንገድ ብቻውን ይመላለስበት ጀመር። አንድ ቀን ሲመለስ አጎንብሶ አየ፤ አንዱ ብየዳ ተሰንጥቋል። የዚያን ዕለት አብሽር አላለም። የሠራውን በሙሉ ፈትቶ እንደገና ከቱቦው ጀመረ፤ ጭኖ ሄደ፤ መጥቶ አየ፤ ደግሞ ሄደ። ይህ በበርና በማሞቂያ የሚቀልድ ልጅ በእናቱ አልቀለደም።

ሙከራው አንድ ቀን ቢያዘገየንም፣ በዓረፋ ማግስት እቴቴ አዲስ ሻሽ አስረው ወጡ። መኪናዋ ዝቅ ብላ ትጠብቃለች። ቁጭ አሉ። ከዚያ ሙሐሲን ከሥር ገባ፤ እኔ ክሪኩን ያዝኩ። በየጎማው ክሪኩ ያነሳል፣ እሱ ቀለበቱን በመዶሻ እያንኳኳ ያዞራል። እቴቴም ማንም እጁን ሳያስነካቸው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ቀስ እያሉ ከፍ አሉ። ከላይ ሆነው ቁልቁል አዩንና፣ «ሰው ሲነሳ እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። መንገዱን ሙሉ አንድም ድንጋይ ሆዷን አልነካትም። እኔ እመቤቴን እየተማጸንኩ፣ እሱ አላህን እየለመነ፣ ደረስን።

እዚያም ደግሞ ክሪክ፣ ደግሞ መዶሻ። መኪናዋ ስትተኛ ታላቅየዋ ግድግዳ እየዳበሱ መጡ። እቴቴ ሊወርዱ ሲንቀሳቀሱ፣ ታላቅየዋ የተከፈተውን በር ዳበሱ፤ ወንበሩን ዳበሱ፤ ቁመቱ ለጉልበታቸው ልክ ሆነላቸውና፣ እቴቴ ጠጋ ሲሉላቸው ከጎናቸው ቁጭ አሉ። የታናሻቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

«አየሁሽ» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ አየሁሽ። አርጅተሻል!»

«አንቺ ደግሞ ልጃገረድ ሆነሻል!» አሉ እቴቴ፤ ሁለቱም እየሳቁ አለቀሱ።

ምሳ ቀርቦ ነበር፤ ለእኔ ለክርስቲያኑ ሳይቀር ሽሮ ለብቻ ተሠርቶልኛል። «ቤት ግቡ እንጂ» ቢባሉ ማን ሰምቶ! ታላቅየዋ እጃቸውን ዘርግተው በሩን ድርግም አደረጉብን።

ሙሐሲን ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ በሩን ሊከፍት ሞከረ። ፊቱ በግሪስ ጠቁሯል፤ እንባው መንገድ አውጥቶበታል። ይህን ልጅ ምን ያህል እንደምወደው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። በአዲሱ ጋቢዬ ጫፍ ፊቱን ጠረግኩለት፤ ዝናሽ ምን እንደምትለኝ እያወቅኩ።

«ጋሼ፣ ከውስጥ ቆለፉት» አለኝ።

«ተዋቸው» አልኩት። ሳሩ ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን ጠበቅን።