በሐጂ ኸሊፋ ላይ ያሳበቀው ሚዛን

የተማረ ሰው ሁሉ አንድ በሽታ አለበት፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ካየ ካላናገርኩት ብሎ እንቅልፍ ያጣል። እኛ ያልተማርነው ዝም ያለውን ዝም እንዳለ እናልፈዋለን፤ ዝም አይነቅዝም ብለን። የኔን ትምህርት የምትጠይቁኝ እንደሆነ፣ ከወሎ መጥተን እዚህ የሰፈርን ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ መንገድ ነው። አንድ ሰሞን ባምባሲ ወንዱ ልጄ ዘንድ፣ አንድ ሰሞን መንጌ ሴቷ ዘንድ፣ ሁለቱም ሲሰለቹኝ ደግሞ አሶሳ የልጅ ልጄ ሰይድ ዘንድ እከርማለሁ።

ሰይድ ኢንጂነር ነው። የምን ኢንጂነር ብትሉኝ… መንገድ አይሠራ፣ ድልድይ አይሠራ። አንዱን ማሽን ከሌላው ማሽን ጋር ማነጋገር ነው ሥራው። አዲስ አበባ ተምሮ ሲጨርስ መጀመሪያ የፈለሰፈው፣ ያረጀ ማተሚያን ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር የምታስማማ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን ናት። ቀጥሎ የደም መመርመሪያ ማሽን ውጤቱን ራሱ ለኮምፒውተር እንዲነግር አደረገ። እዚህ ሊያስተምር ከመጣ ወዲህ ደግሞ በየቢሮው የተኳረፉ ዕቃዎችን ሲያስታርቅ ይውላል። ማሽኖቹ ታርቀዋል፤ ቢሮዎቹ ግን ያው ናቸው። ከአንዱ ክፍል ወደ ጎኑ ክፍል ዛሬም ወረቀት ተሸክሜ የምመላለሰው እኔው ነኝ።

"እንዴት ነው የሚነጋገሩት?" ብዬ አንድ ቀን ጠየቅሁት።

"እማማ፣ መጀመሪያ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አንዱ 'አለህ?' ይላል፣ ሌላው 'አለሁ' ይላል፤ ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ይገባሉ።"

"ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ አይጠያየቁም?"

"አይጠያየቁም።"

"እነዚህማ የተጣሉ ናቸው" አልኩት።

ይህ ልጅ ሀዋን ወደደ። ሀዋ የሐጂ ኸሊፋ ልጅ ናት። ሐጂ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ በርታ ናቸው፤ ገበያው ዳር ስኳሩን፣ ምስሩን፣ ሰሊጡን እየመዘኑ የሚሸጡ የተከበሩ ነጋዴ። ሽማግሌ ላክንባቸው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ ወንዶቹ ላክሁ።

"ልጁ ሥራው ምንድነው?" አሉ ሐጂ።

ከሽማግሌዎቹ ነገር አዋቂው ሼህ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዕቃ ያነጋግራል።"

"ዕቃ?"

"ዕቃ።"

"እና ዕቃው ይመልስለታል?"

"ምን ጥርጥር አለው፤ ያውም ቶሎ ነው የሚመልስለት።"

ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሐኪም አሳይታችሁታል?"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይህ ነው። ነገሩ ሊበላሽ ሲል ሰይድ ተጠርቶ ገባና ሥራውን በአማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ጨረሰ። ሐጂ እስኪጨርስ ጠበቁት።

"እኔ ሱቅ ሚዛን አለ። ኮምፒውተርም አለ፤ ሀዋ ልጄ፣ እሱ ነው ያስገዛኝ" አሉት። (ሐጂ በአማርኛ ሴትና ወንድ አይለዩም፤ እኔም በበርታኛ ከሰላምታ አላልፍም። ተቻችለን ነው የምንኖረው።) "ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ውለው ያድራሉ፣ አይነጋገሩም። እነሱን አነጋግር፤ ወላሂ ሀዋን እሰጣለሁ።"

ሰይድ ገመዱንና ሳጥኑን ይዞ ሱቁ ውስጥ ከረመ። ተሳካለትም። ሀዋ ኮምፒውተሩን "አንድ ኪሎ" ብላ ካዘዘችው፣ ሚዛኑ ላይ አንድ ኪሎ ሞልቶ ሲረጋ ደረሰኙ ራሱ ይወጣል። ሰፈርተኛው ሊያይ ተሰበሰበ። የመጀመሪያዋ ገዢ ጎረቤታችን ጦይባ ናት፤ ምላሷ ያለ ገመድ የሚሠራ። አንድ ኪሎ ስኳር ተመዘነላት፤ ሚዛኑ ገና ሳይረጋ ጠየቀች።

"መርቁልኝ እንጂ ሐጂ።"

መቼም ታውቃላችሁ፣ ያለ ምርቃት የተገዛ ስኳር ሻይ አያጣፍጥም። ሐጂ እንደ ልማዳቸው አንድ እፍኝ ጣል አደረጉላት። ሳጥኑ ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ አለ። ኮምፒውተሩ ቀላ፤ ደረሰኙም አልወጣ አለ።

"ምን ይላል?" አሉ ሐጂ።

"ስህተት አለ ነው የሚለው" አለ ሰይድ፣ ደረቱን ነፍቶ። "ከታዘዘው ካለፈ ይይዛል። ትርፉ ካልተነሳ አይለቅም።"

ሐጂ ግራ ገብቷቸው ከፌስታሉ ቆንጠር አደረጉ። ጢጥ። ደግሞ ቆነጠሩ። ጢጥ።

"ሐጂ፣ እጅዎ ስኳሬ ውስጥ ምን ይሠራል?" አለች ጦይባ።

"እኔ አይደለሁም፣ ሚዛን ነው።"

"ሀዋን ለልጁ ነው የሚድሩት ወይስ ለሚዛኑ?"

ሰው ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። በእፍኛቸው ስፋት የሚታወቁ ሰው፣ በጎረቤት ፊት ከሰጡት ላይ ሲቆነጥሩ ታዩ። በማግስቱ ገዢው ሁሉ ወደ ማዶው ሱቅ አዘነበለ፤ የማዶው ሚዛን ያረጀና የተንሻፈፈ ነው፣ ግን ዲዳ ነው። ሐጂም ለሼህ ይማም መልእክት ላኩ፦ "ምርቃት ስህተት ነው ለሚል ሰው ልጅ አልሰጥም። ኸላስ።"

ሰይድ እህል አልቀምስ አለ። "እማማ፣ ማሽኑ እኮ በትክክል ነው የሠራው" እያለ ከግድግዳው ጋር ይሟገታል። በዚህ መሃል ሀዋ ደወለች፤ ድምጿ የሱን ጆሮ አልፎ እኔ ጋ ደረሰ።

"አባቴን በሰው ፊት ቆንቋና አስባልከው።"

"ሚዛኑ እኮ እውነቱን ነው የተናገረው።"

"ማን ጠየቀው? ዝም አሰኘው።"

"ሀዋ፣ እኔ ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ማናገር ነው። ዝም ማሰኘት አልተማርኩም።"

"እንግዲያው ሚዛኑን አግባ" ብላ ዘጋችበት።

ልጁ ያን ሰሞን ከሳጥኑ ጋር ክፍሉ ውስጥ ተከረቸመ። ሲወጣ ሳጥኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቁልፍ ጨምሮባታል። ቁልፏን የተጫኗት እንደሆነ ሚዛኑ እፍኝ ዘግኖ ጣል እስኪደረግ ድረስ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አያይም፣ ለኮምፒውተሩም አያሳብቅም። ሰይድ እኔን አስቀድሞ ወደ ሱቁ ሄደ። ጦይባም አልቀረች። ስኳሩ ተመዘነ፤ ሀዋ ቁልፏን ተጫነች፤ ሐጂ እፍኛቸውን ከነቁልሉ ጣል አደረጉ። ሁላችንም ሳጥኑን አየነው።

ሳጥኑ ጭጭ።

ሐጂ ገመዱን አዩ፣ ሳጥኑን አዩ፣ ሰይድን አዩ። "አሁን ሰው ሆነ" አሉ። ስለ ሚዛኑ ይሁን ስለ ልጁ አልነገሩንም፤ ብቻ እዚያው ዱዓ ተደረገ፣ የኒካሁም ቀን ተቆረጠ።

እንግዲህ ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ አደራችሁን አስተምሩ። ግዑዙን ሁሉ ማናገር ትምህርት ቤት ያስተምራቸዋል። ዝም ማለቱን ግን ለአማቶቻቸው ተዉላቸው።