የማያልበው ሠራተኛ

ላብ ያላየበትን ሥራ ሥራ ብሎ የማይጠራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጢሜን ስላጭ ሁልጊዜ መስታወት ውስጥ አገኘዋለሁ።

ልጄ ሰዓዳ ቆቦ ባለችው የቆርቆሮ ክፍላችን ለባለጉዳዮች በክፍያ ማመልከቻ መጻፍ ልትጀምር፣ ትንሽ ኮምፒውተር ራሷ ለመገጣጠም ተነሳች። ካልተሳካላት አረብ አገር ልትሄድ ሻንጣ ገዝታለች። ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የማሽኑን አንጎል፣ ስትመርጥ አማከረችኝ።

«አባ፣ ይኼኛው ፈጣን ነው፤ ግን እንደ ምድጃ ይግላል። ያኛው ዝግ ይላል፤ አይግልም።»

«የማይግል ነገር ሰነፍ ነው!»

«በቆቦ ፀሐይ ላይ ሌላ ምድጃ ልጨምር?» አለችና የማይግለውን መረጠች።

ሥራ በጀመረች ቀን፣ በቀትር፣ ልመረምር ገባሁ። ማሽኑን ብዳስሰው ቀዝቃዛ ነው። «ቆሟል! አላልሁሽም?» ብዬ ስጮህ መንገድ ላይ ያለ ባጃጅ ሳይቀር ቆመ። ሰዓዳ የታተመውን ማመልከቻ በር ላይ ለሚጠብቃት ባለጉዳይ ሰጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«አባ፣ ሠርቶ ጨርሷል። እዚህ ቤት ላብ በላብ የሆኑት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ማሽኑ ከሩቅ ተራራ ወደ ማሳችን እንደሚመጣ ውሃ ለስለስ ያለ ድምፅ ያሰማል። ጥግ ላይ ሻንጣዋ ተከፍቶ ወረቀት ተደርድሮበታል። በቀን የሚተኛን ሰው ስገሥጽ የኖርሁት እኔ፣ እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ።