ስለተበላው የአልጋ ልብስና ስለ እንግሊዝኛው ደብዳቤ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ሰኔ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቀራንዮ፣ የበረኪና አምራች ማኅበራችን መጋዘን

የተገኙ፦ ግሩም (ሰብሳቢ)፣ እሙ (ቀማሚ)፣ አብርሽ (ሽያጭ)፣ ናዝራዊት (ገንዘብ ያዥ)፣ እኔ ሀብተሥላሴ (ጸሐፊ)። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የተባለውን ግን አልረሳም። እኔ እናገራለሁ፣ ናዝራዊት ትጽፋለች።

ያልተገኙ፦ ባምላኩ። አየር ጤና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ ብሎ ደውሏል፤ ብርጭቆ ሲጋጭ ሰምቻለሁ። ምልዓተ ጉባኤው ስለተሟላ ከቀኑ 8፡00 ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ ስለ ደብዳቤው
በረኪናችን ሳይበረዝ ወጥቶ የአንድ ቤርጎ አልጋ ልብስ ስለበላ፣ ባለቤቱ በጽሑፍ መልስ ጠይቀዋል። አብርሽ እንዲከብድ በእንግሊዝኛ ይሁን አለ። ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ትልቁ ፊደል
አብርሽ እንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል እንዳለው፣ የኬሚካል ስም ግን በትንሹ እንደሚጀመር አስረዳ። ሰብሳቢው፣ የሰው አልጋ ልብስ የበላ ነገር እንዴት በትንሽ ይጻፋል ሲሉ ተቃወሙ። ናዝራዊት የእኛ ፊደል ሁሉም እኩል ነው፣ ምን አጣላን አለች። ከረጅም ውይይት በኋላ ለኬሚካሉ ትልቅ፣ ለውሃው ትንሽ ፊደል እንዲሰጥ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ግሱ
አብርሽ በኬሚካል ጽሑፍ «ተጨመረ» እንጂ «እገሌ ጨመረ» እንደማይባል ገለጸ። እኔም በእንግሊዝ አገር በረኪና በራሱ እግር ነው ወይ ጀሪካን ውስጥ የሚገባው ብዬ ጠየቅሁ። «አባባ፣ ሳይንስ ነው» አለኝ። በድምፅ ብልጫ ጸደቀ።

አጀንዳ 4፦ ስለ እሙ
ደብዳቤው ጥፋተኛ ባይጠራም ማኅበሩ ግን አንድ ሰው መቅጣት አለበት ተብሎ፣ እሙ ከሥራዋ እንድትነሳ ተወሰነ። እሙ በረኪናው ሳይበረዝ በወጣበት ቀን አስኮ ለቅሶ ላይ እንደነበረች፣ ልጆቿንም በዚህ ሥራ እንደምታሳድግ ተናገረች። የሰማት የለም።

ልዩ ልዩ
ሰብሳቢው፣ እሙ ለቅሶ በሄደችበት ቀን አብርሽ መዳፉን ነፍጎ የእጁን አንጓ ብቻ ለሰላምታ ስለሰጣቸው ቅር መሰኘታቸውን አነሱ። እዚህ መጋዘን አንጓ የሚሰጠው እጁ በረኪና የነካ ብቻ ነው።

እሙ «አብርሽዬ፣ እጅህ ምን ነክቶት ነበር?» አለችው።
«በረኪናው ሳይበረዝ ቀረ» አለ።
«ማን ሳይበርዘው?»
«እኔ። አንቺን ተክቼ ስሠራ ውሃ ጠፍቶ ነበር» አለ።

የመጨረሻ ውሳኔ
ከ1 እስከ 4 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። እሙ ሥራዋ ላይ ትቆያለች። ደብዳቤ አይጻፍም፤ ሰኞ ጠዋት አብርሽ ቤርጎው ድረስ ሄዶ «እኔ ነኝ» ይላል። እንግሊዝኛ እንዳይጀምርም እኔ አብሬው እሄዳለሁ። ስብሰባው 10፡20 ላይ ተበተነ።