ዋልታ ረገጡ ሹፌር

አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዓረብ አገር፣ ዑረይጃ ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሹፌር የሆነው ጓደኛዬ ሙክታር ሻንጣውን ይዞ ከአሠሪው ቤት ጠፋ። ምክንያቱ የአርብ ምሳው መዘግየቱ ነው።

በተቃራኒ ጫፎች ለሚቆሙ ሰዎች «ዋልታ ረገጥ» የሚለውን ቃል በዘገባዎቼ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! አንድ ሰው ብቻውን ሁለቱንም ዋልታ ሊረግጥ እንደሚችል ግን ማን ነግሮኝ? ሐሙስ ስለ አሠሪው «ካፊሌ አባቴ ነው» ብሎ የማለልኝ ሰው፣ አርብ ጎረቤት ሰፈር ሱወይዲ ያለው ክፍሌ በር ላይ ቆሞ «ፈርዖን ነው!» ሲል ክው አልኩ።

«ወንድሜ፣ በየሳምንቱ ከማዕዳቸው ሩዝ በሥጋውን፣ ከብሳውን የሚልክልኝ ሰው ዛሬ ዘጋኝ። ጠልቶኛል፤ ኸላስ፣ በቃ!»

«ጠየቅከው?»

«ምኑ ይጠየቃል?»

«ጠፋብኝ ብሎ ቢያመለክት እኮ ኢቃማህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ አበቃለት። ትባረራለህ!»

«ልባረር!»

ውድ አንባቢ፣ በዚህ ሰው ልብ ውስጥ መሀል የሚባል ሰፈር የለም? ገና ሳልመልሰው የሙክታር ስልክ ጮኸ። አሠሪው ነበር፤ ድምፁ ለእኔም ይሰማል። «እንግዳ መጥቶብን ምሳህ ዘገየ። አሁን በርህ ላይ እየቀዘቀዘልህ ነው፤ የት ሄድክ?»

የሙክታር ዓይኖች እንባ አቀረሩ። «አላልኩህም? አባት ማለት እሱ ነው! ነፍሴን ብሰጠው ያንሰዋል! ያላ፣ ታክሲ ጥራልኝ።»

አሥር ሰዓት ላይ ደወልኩለት። ደርሷል፤ እየበላ ነው።

«ሻንጣህን ረስተሃል» አልኩት።

«እዚያው ይቆይ፤ አርብ ደግሞ ይመጣል» አለኝ።

ሻንጣው አልጋዬ ሥር ነው።