ኳሱን በሁለት እጄ የተቀበልኩ ለት

ሌሊቱን በሕልሜ ስሮጥ አደርኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ወገቤ፣ እንደ ጉብል ስሮጥ!

ጥፋቱ የልጅ ልጄ የኢዮስያስ ነው። የልጄ የእመቤት ልጅ፣ አሜሪካን አገር ተወልዶ ያደገ፣ እንጀራው ኳስ ነው። ኳስ ይበሉት እንጂ እንደኛ ኳስ ድቡልቡል አይደለም፤ የፓፓያ ቅርጽ ያለው ነገር ነው። እግር ኳስ ይሉታል፣ በእጅ ይዘውት ይሮጣሉ። እኔ ምን አገባኝ። አንዱ ወርዋሪ ነው፤ ከኋላ ቆሞ አርቆ ይወረውራል። የኔው ልጅ ደግሞ ሯጭ ነው፤ ኳሱን ከወርዋሪው እጅ ይቀበልና ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ በሬ በሚያካክሉ ሰዎች መካከል ሰንጥቆ ሊያልፍ ይሞክራል። ይጥሉታል። ይነሳል። ደግሞ ይጥሉታል። ደሞዙ ይኸው ነው።

ትናንት ሲመሽ ደወለልኝ።

"እምዬ፣ ማን እንደሚቀጥል ማን እንደሚሰናበት አንቺ ጋ ሲነጋ ይነግሩናል። ጸልዪልኝ።"

"ምን አጥፍተህ ነው የሚያሰናብቱህ?"

"ምንም አላጠፋሁም። ሃያ ሰባት ዓመት ሞላኝ። ለሯጭ እኮ እርጅና ነው።"

"ዝም በል! እኔ በሃያ ሰባቴ እናትህን ገና አልወለድኳትም።"

"ጨዋታው ተለውጧል እምዬ። አሁን ሁሉም የሚፈልገው ውርወራ ነው። ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው ቦታ የለውም እያሉ ነው።"

ከዚህ ሥራ ሌላ የሚያውቀው የለም። ይኼን እያሰብኩ፣ ራቴን ሳልቀምስ፣ ንዴቴን ታቅፌ ተኛሁ።

እንቅልፍ እንደወሰደኝ ራሴን አውቶቡስ ተራ አገኘሁት። ተሳፋሪው ሁሉ አውቶቡሱን በጫንቃው ተሸክሞ ይሄዳል። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ቆሞ፣ "ኮምቦልቻ! አንድ ትከሻ ነው የቀረን! አንድ ትከሻ!" ይላል። ማን እንዳስገባኝ ሳላውቅ ከኋላ ጎማው ሥር ገባሁ። ሹፌሩ ከውስጥ በጀርባው ተንጋሎ፣ "ቀስ በሉ እንጂ፣ አንገጫገጫችሁኝ!" እያለ ይቆጣናል። ዳገቱን ወጣን። ስናወርደው ግን የተሸከምነው አውቶቡስ አልነበረም፤ ስታዲየም ነበር።

መቀመጫው ላይ አህዮች ሞልተዋል። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እግራቸውን አነባብረው፣ ገብስ ይቆረጥማሉ። ሜዳው ውስጥ እንደኔ ያሉ አሮጊቶች ይዘላሉ፣ ይንደረደራሉ። ጎረምሶቹ ደግሞ ጥግ ጥጉን ጋቢ ተከናንበው፣ ከዘራ ተደግፈው ያስላሉ። ሴት አያቶች እየተንበረከኩ ጉልበታቸውን ይስማሉ። "ይመርቁን አባባ" ይሏቸዋል፤ አባባ የሚሏቸው ገና ጺማቸው ያልጠና ልጆችን ነው።

ኢዮስያስን ከሁሉም በላይ፣ የስታዲየሙ ጫፍ ላይ አየሁት። አንድ የእንጨት ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። ጺሙ እንደ ጥጥ ነጥቷል። ከወንበሩ ኋላ ገደል ነው። ከገደሉ ሥር የብዙ ሰው ሳል ይሰማል።

"ኢዮስያስ! ከዚያ ውረድ!" ብዬ ጮህኩ።

"አልችልም እምዬ፣ አርጅቻለሁ" አለኝ።

አንድ ግራጫ አህያ ፊቴ ቆመ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ለዚያ ጆሮ የሚበቃ ማዳመጫ ከየት እንዳገኙለት እግዜር ይወቅ። አሠልጣኙ እሱ ነው።

"ስምሽ ማነው አንቺ ልጅ?"

"ትደነቅያለሽ።"

"ዕድሜ?"

"ሰባ አራት።"

"ጮርቃ ነሽ! ጥርስሽን አሳዪኝ።"

"ያንተን ጥርስ ነው ገበያ ላይ የሚያዩት! የት አገር ነው አህያ ሰው የሚያሠለጥነው?"

አልተቆጣም። ጅራቱን አንዴ ወዝወዝ አደረገና፣ "ዕድሜያችንን ስንጫን ኖርን። ከኛ በላይ ጭነት የሚያውቅ ካለ አምጪና እንቀጥረው" አለኝ።

የሯጭ ማልያ አምጥቶ ቀሚሴ ላይ አጠለቀልኝ። መቀነቴን በላዩ ታጠቅኩ።

"ያንን ሽማግሌ ታያለሽ?" አለኝ በአፍንጫው ወደ ኢዮስያስ እያመለከተ። "ወንበሩ አራት እግር አለው። እናንተም አራት ዕድል አላችሁ። ኳሱን ከዚያ ከነጩ መስመር ካሻገራችሁ እሱ እንደተቀመጠ ይቆያል። ባቃታችሁ ቁጥር አንድ እግር እንቆርጣለን።"

ቀና ስል ሁለት ውርንጭላዎች መጋዝ ይዘው ወንበሩ ሥር ተንበርክከዋል።

ወርዋሪያችን ሙሽራ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከነሙሉ ልብሱ፣ ከነአበባው። ጃንጥላ የሚይዝለት አለ፣ ላቡን የሚጠርግለት አለ። እሱን መንካት ክልክል ነው፤ የነካው ይቀጣል። ከፊቱ አጥር ሆነው የቆሙት የእድራችን ሴቶች ናቸው፤ መሃል ላይ ጎረቤቴ ዘምዘም ሽርጧን ታጥቃ፣ እጇን መሬት ተክላ ቆማለች።

"ዘምዘም፣ አንቺም እዚህ ነሽ?"

"ዝም በይና ከኋላዬ ሁኚ! መጡ!"

የሚመጡት ሰዎች አይደሉም። የብረት በሮች ናቸው። የግቢ በር፣ የሱቅ በር፣ የመጋዘን በር፣ እግር አውጥተው፣ ማጠፊያቸው ሲጢጥ እያለ ይሮጣሉ።

ሙሽራው በመጀመሪያው ዕድል ኳሱን ወደ ላይ ወረወረው። ወጣ፣ ወጣ፣ አልተመለሰም። አህዮቹ አጨበጨቡ። "እንዴት ያምራል አወራወሩ!" ተባባሉ። ወዲያው መጋዙ ጮኸ፤ አንዱ እግር ተቆረጠ። ሌላ ኳስ አመጡ። ይኼንንም ወረወረው፤ የሱቅ በር ከፈት ብሎ ዋጠውና ተቆለፈ። አህዮቹ አሁንም አጨበጨቡ። ሁለተኛው እግር ወደቀ። ኢዮስያስ በቀሩት ሁለት እግሮች ላይ ሚዛኑን ጠብቆ፣ ትንፋሹን ይዞ ተቀመጠ።

"ኳሱን ለኔ ስጡኝ!" አልኩ።

"አንቺ ሙሽራው ፊት ቁሚ" አለኝ አህያው።

ቆምኩ። የመጋዘኑ በር መጥቶ ደረቴን አለኝ። ከነነፍሴ ተነጠፍኩ። ሙሽራው ከላዬ ሆኖ፣ "ኮቴን አቧራ አስነካሽብኝ" አለ። ኳሱን ግን ሳያይ ወርውሮ አንዲት አሮጊት ዳሌ ላይ ጣለው። መጋዙ ጮኸ። ኢዮስያስ ባንድ እግር ወንበር ላይ፣ ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ቀረ። ገደሉ ሥር ሳሉ ጸጥ አለ፤ የሚጠብቁት መሰሉ።

ተነስቼ አህያውን ልጓሙን ልይዝ ብሄድ ልጓም የለውም፤ ክራቫቱን ያዝኩ።

"ስማ! ሯጭ አድርገህ አሰልፈኸኝ ኳሱን አንዴም አላስነካኸኝም። ለምንድን ነው?"

"ዘመኑ የውርወራ ነው። የተወረወረ ባንዴ አገር ያቋርጣል። አንቺ ተሸክመሽ ስትንፏቀቂ ሕዝቡ ይተኛል።"

"ታዲያ ለምን ይኼን ልብስ አለበስከኝ?"

"ልታታልዪልን ነዋ። አሁን ሙሽራው ኳሱን ወደ ሆድሽ ያስጠጋልሻል። እንዳትነኪው። እንደያዘ ሰው ጎንበስ ብለሽ ትሮጫለሽ። በሮቹ የያዝሽ መስሏቸው ባንቺ ላይ ይዘጋሉ። ሙሽራው ያን ጊዜ ረጋ ብሎ ይወረውራል።"

"ባዶ እጄን ልደቆስ?"

"ባዶ እጅሽን። የዛሬ ሯጭ ሥራው ይኸው ነው።"

"እንዲያ ያለ ሥራ ላንተም አይገባም!"

ኢዮስያስ ከላይ፣ "እምዬ፣ በናትሽ አትከራከሪያቸው! እየተንገዳገድኩ ነው!" አለ።

ለሱ ስል አፌን ያዝኩ። ተሰለፍን። ዘምዘም እጇን መሬት ተከለች። በሮቹ ማጠፊያቸውን አሹ። ገብስ የሚቆረጥም አህያ እንኳን ጠፋ።

ሙሽራው ኳሱን ይዞ ወደኔ ዞረ። እጁን ዘረጋ።

እንግዲህ እኔ ሰው እጁን ዘርግቶ የሰጠኝን አልፌ ሄጄ አላውቅም። እናቴ ስታሳድገኝ፣ የሚሰጡሽን በሁለት እጅሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ተቀበይ ብላ ነው፤ ባንድ እጄ ተቀብዬ ያገኘሁት ቁንጥጫ ዛሬም ጭኔ ላይ አለ። ኳሱ ሆዴ ጋ ሲደርስ እጆቼ እኔን አልጠየቁኝም። ሁለቱም ሄደው ተቀበሉት። ወገቤም ጎንበስ አለ። አፌም፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ።

ሙሽራው ደነገጠ። "መልሺ! መልሺ! ለይምሰል ነው እኮ!"

"የሰጡትን መልሶ መቀበል ነውር ነው! የማን ልጅ ነህ አንተ?" አልኩና ኳሱን መቀነቴ ውስጥ ወሽቄ እብስ አልኩ።

ትልቁ የግቢ በር ሲመጣብኝ አየሁት። ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም።

"ተዉአት!" ብሎ ጮኸ ለጓደኞቹ። "ባዶዋን ናት! ዛሬ ለሯጭ ኳስ የሚሰጥ የለም! ወርዋሪውን ያዙ!"

በሮቹ ሁሉ በጎኔ እየተንጋጉ አለፉ። አንዱ እንኳን ቀና ብሎ አላየኝም። ሙሽራው ከማፈሩ የተነሳ ባዶ እጁን ወደ ሰማይ ወረወረ። አህዮቹ በሙሉ አንገታቸውን አቅንተው ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመሩ። "የት ሄደ? አየኸው?" "ደመናው ውስጥ ገብቷል!" "እንዴት ያለ ውርወራ ነው!" ኳሱ እኔ መቀነት ውስጥ ነው። ስታዲየም ሙሉ ፍጥረት ሰማይ ያያል።

ጉልበቴ ይንቋቋል። ትንፋሼ እንደ ወናፍ ይወጣል። ሣሩ እግሬን እየያዘ ይለቀኛል። ነጩ መስመር ይታየኛል፤ በሮጥኩ ቁጥር ትንሽ ይሸሻል። ያን ጊዜ መጋዙን ሰማሁት። ኳሱ ከሰማይ ሳይወርድ ሲቀር ውርንጭላዎቹ ያበቃ መስሏቸው የመጨረሻውን እግር ጀምረውታል።

"ይዤዋለሁ!" ብዬ ጮህኩ። "እዚህ ነው! እኔ ጋ ነው!"

የሚሰማኝ የለም። ኢዮስያስ ብቻ አየኝ። ሊያጨበጭብ እጁን አነሳ፤ ወንበሩ ተንገዳገደ፤ እጁን መለሰ።

መስመሩ ላይ አንድ በር ቀርቶ ነበር። የገዛ ቤቴ በር ነው፤ ሰማያዊው፣ እታች በኩል የዛገው። ከነቁልፉ ተገትሮ ይጠብቀኛል።

"ምን ይዘሽ መጣሽ?" አለኝ።

"ክፈት፣ የቤቱ ባለቤት ነኝ።"

"የዛሬ ሯጭ ምንም አይዝም። መቀነትሽን ፍቺና አሳዪኝ።"

"ልጁ እየወደቀ ነው አንተ! ቆሜ መቀነት የምፈታበት ጊዜ አለኝ?"

"እንግዲያው አልከፍትም።"

መጋዙ እንጨቱን ሊጨርስ ሲል ድምፁ ቀጠነ። ከኋላዬ ዘምዘም፣ "ትከሻሽን አስቀድሚ! ትደነቅያለሽ፣ ትከሻሽን!" ስትል ሰማሁ። ራሴን አቀረቀርኩ። ትከሻዬን አስቀደምኩ። ባለኝ ሁሉ ተወረወርኩበት።

ጓ!

ነቃሁ። ወለል ላይ ነኝ። ትከሻዬ ቁምሳጥኑ ላይ ተለጥፏል፤ የቁምሳጥኑ መስታወት ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። በመስኮት ጎሕ ቀዷል። ስልኩ ይጮኻል። በአራት እግሬ ድሄ አነሳሁት።

"እምዬ!"

"ኢዮስያስ! ወደቅህ?"

"ምን? የት ነው የምወድቀው? አስቀጠሉኝ እኮ! ከቡድኑ ጋር እቀጥላለሁ!"

እልልታዬን አቀለጥኩት። ዘምዘም ከአጥሩ ወዲያ ሰምታ ተቀበለችኝ። በኛ ሰፈር እልልታ ከተሰማ መጀመሪያ ይመልሱታል፣ ምክንያቱን ኋላ ይጠይቃሉ፤ ከዘምዘም ቤት ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወደ ታች መንደር ተላለፈ።

"ግን እምዬ..." አለኝ ልጁ።

"ግን ምን?"

"ኳሱን ከእንግዲህ የሚሸከመው አዲሱ ልጅ ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው።"

"አንተስ?"

"እኔ ለብቻዬ በሌላ በኩል እሮጣለሁ። የያዝኩ መስሏቸው እኔን እንዲጥሉኝ።"

"ባዶ እጅህን?"

"ባዶ እጄን።"

"ይመቱሃል?"

"መቼም ካልመቱኝ ሥራዬን አልሠራሁም ማለት ነው።"

ውጭ እልልታው ጭራሽ ብሶበታል፤ ዘምዘም በሬን እየደበደበች፣ "እንኳን ደስ ያለሽ! ክፈቺልኝ እንጂ!" ትላለች፤ ምን እንደሆነ አታውቅም።

"እምዬ፣ ምንድን ነው የምሰማው? ምን ተገኝቶ ነው እልልታው?"

"ላንተ ነው" አልኩት።