የማሽኗ ጥርስ ሐኪም

ቤቱ የቡና ማሽን ያስገባ ሰው ከዚያ በኋላ ቡና ሲጠጣ አታገኙትም። ማሽን ሲያጥብ ነው የምታገኙት። ዝም ብዬ አይደለም የምለው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከላዬ ያለውን ቤት በጣሪያዬ በኩል ሳዳምጥ ከርሜ ነው። በየሕንፃው፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመዱ መሀል እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ለራሱ ያልገዛውን የተጣራ ውኃ ለማሽኑ ይገዛል። የልደት ቀናችሁን ይረሳል፤ ቡናው የተቆላበትን ቀን ግን ዓይኑን ሳያሽ ይነግራችኋል።

ለኛ ሕንፃ የደረሱን ክቡር ዶክተር ናቸው።

ዶክተር ሠላሳ ዓመት ጥርስ ሲነቅሉና ሲሞሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሐኪም ናቸው። መሣሪያቸውን ግን ጡረታ አላወጡትም። ያችን እጀታዋ ረጅም፣ ጫፏ ላይ ክብ መስታወት ያለባትን ነገር ታውቋታላችሁ፤ መንጋጋችን ሥር እየገባች ጉዳችንን የምታወጣዋን። ዛሬ የምትገባው ማሽኗ አፍ ውስጥ ነው። ቡናው የሚወርድበትን ቦታ «አፍ» ነው የሚሉት፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። ግንባራቸው ላይ መብራት አስረው፣ በርከክ ብለው፣ መስታወቷን ከሥር ሰድደው ይመረምራሉ።

አንድ ቀን መፍቻ ልዋስ ብዬ ወጣሁ።

«ነይማ ልጄ፣ ዓይንሽ ደህና ነው፣ አንዴ እይልኝ» አሉኝ። የሃምሳ ዓመት ሴት ልጄ ስትባል እምቢ ማለት አይሆንላትም፤ ተንበረከክሁ።

«ምን ይታይሻል?»

«ጥቁር ነገር።»

«የት ጋ?»

«ወደ ግራ፣ ከኋላ።»

«የላይኛው ግራ፣ ስድስተኛው!» ብለው በደስታ ጮኹ። ያን ቀን ምን ፈልጌ እንደወጣሁ ያስታወስኩት ቤቴ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

የሚቦርሿትም በጥርስ ብሩሽ ነው። ጠንካራው ለአፏ፣ ለስላሳው ወተት ለሚያሞቀው የእንፋሎት ቧንቧዋ። አንዴ ባለቤታቸው ተሳስተው በለስላሳው ጥርሳቸውን ፍቀውበት፣ ቤቱ ውስጥ ለሦስት ቀን ሰላምታ ብቻ ነበር አሉ።

አዲስ ቡና የመጣ ቀን ግን ዶክተር ሌላ ሰው ናቸው። የሞተረኛውን ጥሩምባ ሲሰሙ ሦስት ፎቅ በነጠላ ጫማ ይወርዳሉ። ጥቅሉን ይቀበላሉ፣ ጨመቅ ያደርጉታል፣ ከረጢቷ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ አፍንጫቸውን አስጠግተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ደረጃው ላይ ያገኙትን ሁሉ ያስሸትታሉ፤ ሂሳብ ለመሰብሰብ የመጣ የመብራት ሠራተኛ ሳይቀር አሽትቶ ነው የሄደው። ታዲያ አሁን ይከፈታል ብላችሁ ስትጠብቁ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆልፉበታል።

«ከመንገድ ነው የገባው፣ ይረፍ።»

ዐሥር ቀን ያርፋል። «እኔን ከሥራ ስገባ ዕረፊ ያለኝ የለም» ይላሉ እትዬ፣ ባለቤታቸው።

ከዕረፍቱ በኋላ ቅምሻ አለ፣ ከቅምሻው ጋር ፈተና። «ምን ምን ይላል?» ብለው ሲኒያችን ላይ ያፈጣሉ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ የመጀመሪያው ቀን «ቡና ቡና ይላል» ብሎ ለሁለት ሳምንት ሳይጠራ ቀርቷል። እኛ ግን ተማርን። ማር ማለት ማለፊያ ነው። ኮክ ደህና ውጤት ነው። ሎሚ ካላችሁማ ዶክተር ደረታቸውን ይዘው «አበጀሽ!» ይላሉ። እኔ በበኩሌ እስካሁን በሎሚ ወድቄ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ደስታ እየተካሄደ እትዬ የሚጋግሩበት ቦታ አጡ። እትዬ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ሐሙስ ሐሙስ ለሠራተኞቻቸው ዳቦ ይጋግራሉ። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ግን ማሽኗ፣ መፍጫዋ፣ ሚዛኗና አምስት ብሩሽ ስለያዙት፣ የሊጥ ማቡኪያቸው የሚቀመጠው መታጠቢያ ቤት፣ የልብስ ቅርጫት ላይ ሆኖ ነበር። አንድ ሐሙስ ሊጡ ውስጥ ሳሙና ገባ። ያኔ ውሳኔ ወጣ።

«ቅዳሜ ሦስት ዳኛ ይቀመጣል» አሉ እትዬ። «ካንዱ ከረጢት አንተ በማሽንህ፣ እኔ በተራ ድስት እናፈላለን። ሦስቱም ያንተ ይሻላል ካሉ ትቀመጥልህ። አንድ ሰው እንኳ ልዩነት የለውም ካለ፣ ማሽንህ ከዚህ ቤት ትወጣለች።»

ዳኞቹ የእትዬ ታናሽ እህት፣ ቧንቧ ሠራተኛውና እኔ ነበርን። አሁን ደግሞ የሚያሳፍረኝን ልናገር። ማሽኗ ከወጣች ወደኔ ቤት እንድትወርድ ከእትዬ ጋር ተስማምቼ ነበር። የምትቀመጥበትንም በሜትር ለክቻለሁ። ዶክተር ይህን አያውቁም።

ቅዳሜ ጠዋት ዶክተር ማሽኗን ለፈተና አዘጋጇት። ውኃ ውስጧ የሚተወውን ድንጋይ ለመፋቅ ታንከሯ ላይ ሁለት ማንኪያ የሎሚ ጨው በጠበጡ። ግማሽ ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ በሦስት ታንከር ንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ይህን በእንቅልፍ ልባቸው የሚያውቁት ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት መሀል ግን ታች ጥሩምባ ተነፋ፤ ይመጣል ይመጣል ሲሉት ሁለት ወር የዘገየው ጥቅል። ዶክተር በነጠላ ጫማ ወረዱ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈውት ወጡ፣ እኛንም አንድ ባንድ አስሸተቱን። ከዚያ ጥቅሉን እንዲያርፍ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈው፣ በዚያው ደስታ በቀጥታ ወደ ማሽኗ።

የእትዬን የድስት ቡና አስቀድመን ጠጣን። ደህና ነበር። ቀጥሎ የማሽኗ ቀረበልን።

ፉት አልኩ። መንጋጋዬ በራሱ ተዘጋ፣ አንድ ዓይኔም አብሮት።

«ሎሚ!» አልኩ፣ እንደተማርኩት።

«ሎሚ ከነልጣጩ!» አለች የእትዬ እህት።

ቧንቧ ሠራተኛው ብድግ አለ። «ዶክተር፣ ዛሬ ገና ገባኝ! ቀልዴን አይደለም፣ በእናቴ፣ ሎሚ ነው!»

የዶክተር ዓይን እንባ አቀረረ። ሁለት ዓመት ያስተማሩት ክፍል አንድ ላይ አለፈላቸው። የራሳቸውን ሲኒ አንስተው ፉት አሉ። ፊታቸው ቀስ ብሎ ተለወጠ፤ ዓይናቸው ወደ እቃ ማጠቢያው ሄደ፤ የሎሚ ጨዉ ፓኬት ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። እኔም አየሁት። እትዬ እጃቸውን አጣጥፈው በሩ ላይ ቆመዋል፣ አልቀመሱም። ዶክተር ዝም ቢሉ አለቀ፣ ማሽኗ ተረፈች።

ዶክተር ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«አትጠጡት። የማሽኗን ጥርስ የፋቅሁበት ውኃ ነው። የሎሚ ጨው፤ አይገድልም፣ ግን ቡና አይደለም።»

የእትዬ እህት ሲኒዋን ገፋ አደረገች።

«እና ሎሚ ማለቴ ልክ ነበር?» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

«ልክ ነበርክ።»

«ይኸው ሰምታችኋል!»

ዶክተር ግን የሚስቅ ፊት አልነበራቸውም። የማሽኗን ገመድ ከግድግዳው ነቅለው በእጃቸው ላይ ይጠቀልሉ ጀመር። «ውሳኔ ውሳኔ ነው» አሉ።

«ማን ጨረሰና?» አሉ እትዬ። «ትምህርት ቤቴ ውስጥ ማንም ሳያየው አጥፍቼአለሁ ብሎ እጁን ያወጣ ልጅ አግኝቼ አላውቅም። በል ሰካው፣ እጠባትና ድገም።»

ሦስት ታንከር ውኃ ፈሰሰ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። አዲስ ሲኒ ቀረበ፣ አጠገቡም የእትዬ።

«የማሽኑ ይሻላል» አለች የእትዬ እህት።

«ቡና ቡና ይላል» አለ ቧንቧ ሠራተኛው፣ «ግን የማሽኑ ይበልጥ ቡና ቡና ይላል።»

የኔ ተራ ሆነ። ሁለቱንም ቀመስኩ፣ ደገምኩ። ዶክተር አያዩኝም ነበር። በርከክ ብለው፣ መብራታቸው ግንባራቸው ላይ በርቶ፣ በመስታወቷ አፏን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያዩ ይመስል ያያሉ። ማሽኗን እኔ ቤት አሰብኳት፤ ትብረቀረቃለች፣ ንጹሕ ናት፣ ነይማ ልጄ እይልኝ የሚለኝ ግን የለም።

«የማሽኑ» አልኩ። «በጣም ነው የሚሻለው።»

እውነቱን ለናንተ ልናገር፦ አንድ ናቸው። ምላሴ ቅንጣት ታህል ልዩነት አላገኘም።

ዶክተር ከተንበረከኩበት ተነሥተው አቀፉኝ። በትከሻቸው አሻግሬ ከእትዬ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። የዕድሜ ልካቸውን ተማሪ ሲዋሽ ያዩ ሴት ናቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንቺ ቤት የተለካ ቦታ አለ አይደል?»

«አለ፣ እትዬ።»

«እንግዲያስ ሐሙስ ማቡኪያዬን ይዤ እወርዳለሁ።»

አልተቃወምኩም። ዳቦም እየተማርኩ ነው።